ቀይ የማያይ ፊልም

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብላችሁ እዩልኝ። ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር አታውሩ፣ ስልክም አታውጡ። ማየት ብቻ።

አመሰግናለሁ። አሁን ዓይናችሁ ያየውን እኔ ልቁጠርላችሁ። አንድ ሰፊ የባሌት ዳንስ መማሪያ ክፍል ነው፤ ወለሉ ሳንቃ ነው። በግራ በኩል ትልቅ መስኮት አለ፣ ብርሃኑ ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው። በግድግዳው ርዝመት መደገፊያ እንጨት ተዘርግቷል። ዘጠኝ ልጆች ተሰልፈዋል፤ ስምንቱ ሴቶች፣ አንዱ ወንድ። በግራ እጃቸው እንጨቱን ይዘው፣ ቀኝ እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ የጣታቸውን ጫፍ ወለሉን አስነክተዋል። ፊት ለፊታቸው ረጅም በትር የያዘች ጠና ያለች ሴት ቆማለች። በስተቀኝ ጥግ የፒያኖ ግማሽ ይታያል። የሚጫወተው ሰው ፊት ከፎቶው ውጭ ቀርቷል፤ ያለን ሁለት እጅ ብቻ ነው። ከፒያኖው በላይ ትንሽ የአሜሪካ ባንዲራ ተሰቅሏል። ከባንዲራው አጠገብ መስታወት አለ። ልጆቹ ነጭ አጭር ቀሚስ ለብሰዋል፣ ወንዱ ነጭ ሸሚዝ። የመጨረሻዋ ልጅ ብቻ ጥቁር ለብሳለች። እሷ ብቻ ናት መምህሯን ትታ ወደ እኛ የምታየው።

ይህን ፎቶ የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ከአንድ የእሑድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ በሁለት ዶላር ገዛሁት። የጫማ ካርቶን ውስጥ፣ ከገና ካርዶችና ከማላውቃቸው ሰዎች የሠርግ ፎቶ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። በጀርባው ስም የለም፣ ቀን የለም፣ የከተማ ስም የለም። ሥራዬ አሮጌ ፎቶ ማደስና ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ስለሆነ ብዙ ፎቶ በእጄ ያልፋል። ይህ ግን አልሄደልኝም። ምክንያቱ ያቺ የመጨረሻዋ ልጅ ናት።

ስለ እሷ ያልኩትንና ያጠፋሁትን ልንገራችሁ፤ የዛሬው ንግግሬ ሁሉ ከዚያ ነው የሚነሳው።

እኛ ጥቁር ልብስ ስናይ ቀድሞ የሚመጣብን ለቅሶ ነው። ማንም አላስተማረንም፣ አብሮን ያደገ ነው። ስለዚህ ፎቶውን ገና እንዳየሁት «ይቺ ልጅ ሐዘን ላይ ናት» አልኩ። ከንፈሯ ጨልሟል፣ ዓይኗ ፈዝዟል፣ ከጓደኞቿ አንድ ክንድ ያህል ርቃ ቆማለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ስለ አሮጌ ፎቶ እንድናገር ተጋብዤ ይህንኑ ፎቶ አሳየሁ። እናቷ የሞተችባት ልጅ ናት አልኩ። «ይመስለኛል» እንኳ አላልኩም። እናቶች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ፤ እኔም ጉሮሮዬ ተናነቀኝ።

ሰው ከተበተነ በኋላ አንዲት እማማ ከወንበራቸው ሳይነሱ በእጃቸው ጠሩኝ። ቀረብኩ።

«ልጄ፣ እናቷ ሞታባታል አልክ።»

«አዎ እማማ።»

«ታዲያ ፀጉሯን እንዲህ ባለ ትልቅ ሪባን ማን አሰረላት?»

መልስ አልነበረኝም። ወደ ፎቶው ዞሬ አየሁ። በእርግጥም ጭንቅላቷ ላይ ቢራቢሮ የሚያህል ሪባን አለ፤ እንደ ቀሚሷ ጥቁር፣ ሁለቱ ጆሮዎቹ እኩል ተደርገው፣ በጥንቃቄ የታሰረ። ለዓመታት ሳየው አላየሁትም ነበር። አገሩ የፈረንጅ ነው፤ ሐዘንተኛ ልጅ ጥቁር ሪባን ልታስር ትችላለች፣ የእማማ ጥያቄ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ግን ያንን ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። እና ሌሊቱን አንድ ቀይ አምፖል ትዝ አለኝ።

በልጅነቴ ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። ቀን ቀን ጉርድ ፎቶ እቆርጣለሁ፣ ማታ ማታ ጋሼ ጨለማ ክፍል ያስገቡኛል። ክፍሉ ውስጥ ያለችው መብራት አንዲት ቀይ አምፖል ናት። ነጩን ወረቀት ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ነክሬ ሳህኑን ቀስ ብዬ አወዛውዛለሁ። መጀመሪያ ፀጉር ይወጣል። ከዚያ የዓይን ብሌን። ከዚያ የኮት ኮሌታ። ፊት መጨረሻ ነው የሚመጣው። እንዲያ ሲሆን በብርሃን ውስጥ ሆነን ወረቀቱ ለምን እንደማይቃጠል ጋሼን ጠየቅኳቸው። «ወረቀቱ ቀይ አያይም» አሉኝ። «ለአንተ መብራት ነው፣ ለእሱ ጨለማ ነው።»

ድሮ ይህ የወረቀቱ ብቻ ጠባይ አልነበረም፤ ፊልሙም እንዲሁ ነበር። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ19ኛው መቶ ዓመት ፎቶ የሚነሳበት መስታወትና ፊልም ሰማያዊ ብርሃንን በደንብ ያያል፤ ቢጫና አረንጓዴ ይከብደዋል፤ ቀይን ጭራሽ አያየውም። በ1873 ኸርማን ፎግል የሚባል የጀርመን የኬሚስትሪ ሰው ፊልሙ ላይ ማቅለሚያ በመጨመር ተጨማሪ ቀለማት እንዲያይ ማድረግ እንደሚቻል ደረሰበት። ቀይ ግን ቆየ። ቀለማትን ሁሉ የሚያይ የፎቶ መስታወት ለገበያ የቀረበው በ1906 ነው፤ እሱም ቢሆን ውድ፣ በቀይ አምፖል ሥር የማይታጠብ፣ ለባለሙያ የሚሆን ነበር። ተራው ሰው የሚገዛው ፊልም ለረጅም ጊዜ ቀይ የማያይ ሆኖ ቀጠለ። ኮዳክ በ1931 ያወጣውና በየቤቱ የገባው ቬሪክሮም ፊልም ቀይ አያይም ነበር። ቀይ በሚያይ ተተክቶ የተለወጠው በ1956 ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በዚያ ፊልም የተነሱ የልደት፣ የሠርግ፣ የትምህርት ቤት ፎቶዎች ውስጥ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት ሁሉ ጥቁር ለብሳ ትታያለች። ቀይ ከንፈር ይጨልማል። ፀሐይ የነካው ጠቃጠቆ ያለበት ፊት ከእውነተኛው ይልቅ ይጠቁራል። ሰማያዊ ዓይን ደግሞ ይነጣል፣ የፈዘዘ ይመስላል።

«ከንፈሯ ጨልሟል፣ ዓይኗ ፈዝዟል» ያልኩትን አስታውሱ። ሐዘን ብዬ ያነበብኩት የፊልሙን ጠባይ ሊሆን ይችላል።

ግን «ይችላል» ማለት ያው ሌላ ግምት ነው። ይህ ፎቶ የተነሳበት ፊልም ቀይ የማያይ መሆኑን በምን አውቃለሁ? መልሱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ባንዲራው! የአሜሪካ ባንዲራ ቀለሙን ሁላችንም እናውቃለን፦ ቀይና ነጭ መስመር፣ ሰማያዊ ጥግ። በተለመደው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ጥቁር ሰማያዊው ጥግ ከቀዩ መስመር እኩል ወይም ከዚያ በላይ ይጠቁራል። አሁን ላጉላላችሁ። ቀዩን መስመር እዩት፤ ከሰል ይመስላል። ሰማያዊው ጥግ ደግሞ ፈዛዛ ግራጫ ነው፣ ኮከቦቹ ከጀርባቸው በጭንቅ ይለያሉ። ይህ ፊልም ቀይ አያይም። ለዓመታት የፈለግኩት ምስክር ከልጅቷ ጭንቅላት ሁለት ሜትር ርቆ ተሰቅሎ ነበር።

ስለዚህ ቀሚሱ ቀይ ነበር? አላልኩም። ጥቁር ሊሆን ይችላል፣ ደማቅ ቀይ ሊሆን ይችላል፣ ጥቁር ቡናማም ሊሆን ይችላል። ለቅሶ ነው ብዬ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያስለቀስኩበት መብት ግን አልነበረኝም። ምናልባት በዚያ ቀን በክፍሉ ውስጥ ከሁሉ የደመቀችው ልጅ እሷ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ የማንንም አሮጌ ፎቶ ስይዝ በመጀመሪያ የምጠይቀው ይህ ፊልም ማየት የማይችለው ምንድን ነው ብዬ ነው። የሚያሳየውን ከዚያ በኋላ ነው የማየው።

አሁን ጀርባውን እንገልብጠው። ፎቶው የታተመው በፖስታ ካርድ ወረቀት ላይ ነው። ቴምብር የሚለጠፍበት ቦታ ላይ አንድ ትንሽ አራት ማዕዘን አለች፣ ዙሪያዋን «ኤዞ» የሚል ቃል ተደጋግሞ ተጽፏል፣ በአራቱም ጥግ ትንንሽ ካሬዎች አሉ። ኤዞ የኮዳክ የፎቶ ወረቀት ስም ነው። ሰብሳቢዎች የእነዚህን ምልክቶች ዘመን ለይተው አውጥተዋል፦ አራቱም ጥግ ወደ ላይ የሚያይ ሦስት ማዕዘን ያለበት ከ1904 እስከ 1918፣ ሁለቱ ወደ ላይ ሁለቱ ወደ ታች የሆኑበት ከ1918 እስከ 1930፣ ካሬ ያለበት ደግሞ ከ1925 እስከ 1940ዎቹ። የእኛ ካሬ ነው። ወረቀት መደርደሪያ ላይ ብዙ ሊቆይ ስለሚችል የሚነግረን «ከዚህ በፊት አይደለም» የሚለውን ነው። ለእኔ ይበቃኛል።

በትሩን አሁን እዩት። ይህን ፎቶ ያሳየሁት ሐበሻ ሁሉ ማለት ይቻላል ስለ በትሩ ተመሳሳይ ነገር ነው የሚለው፦ «ትገርፋቸዋለች»። የቄስ ትምህርት ቤት ያደገ ሰው አለንጋ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። ነገር ግን በባሌት ታሪክ ውስጥ በትር በመጀመሪያ ምት መጠበቂያ ነው። ባሌት ሥርዓት ይዞ ያደገው በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ 14ኛ ቤተ መንግሥት ነው፤ ንጉሡ ራሱ ይጨፍር ነበር፣ በ1661ም የዳንስ አካዳሚ አቋቋመ። የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ሹም ዣን ባቲስት ሉሊ ምት የሚጠብቀው በከባድ ዘንግ ወለሉን እየመታ ነበር። በ1687 መጀመሪያ ላይ ንጉሡ ከሕመም በመዳኑ ለምስጋና በቀረበ ዝማሬ ላይ ዘንጉን ስቶ የእግሩን ጣት መታ። ቁስሉ አመረቀዘ፤ እግሩ እንዲቆረጥ አልፈቀደም፤ በመጋቢት ወር ሞተ። መቋሚያቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ምት የሚጠብቁ ሊቃውንት ባሉበት አገር ያደግን ሰዎች ይህን በትር ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም ነበር። አቋቋም የሚለው ቃላችን ራሱ የቆምንበትንም ዝማሬውንም የሚይዝ ነው። እኔም ግን አለንጋውን ነው ቀድሜ ያየሁት።

በትሩ ልጅ ነክቶ አያውቅም እያልኩ አይደለም። በባሌት ክፍል ውስጥ የተመቱ፣ የተዋረዱ፣ የተራቡም ልጆች ብዙ ናቸው። ይህቺ ሴት በበትሯ ምን ታደርግ እንደነበር ግን ፎቶው አይነግረንም። በዚህች ቅጽበት የበትሩ ጫፍ ወለሉ ላይ ነው፣ መዳፏ በትሩ አናት ላይ አርፏል።

ቅጽበት አልኩ። ይህ ራሱ መስተካከል አለበት። የፒያኖውን እጆች ላጉላላችሁ። ጣት አይታይም፣ ጭስ ይመስላሉ። እነዚህ እጆች ካሜራው ክፍት በነበረበት ጊዜ ሁሉ እየተንቀሳቀሱ ነበር። የክፍል ውስጥ ብርሃን ያንን ፊልም አይበቃውም፤ የቤት ካሜራ የያዘ ሰው ካሜራውን ከፍቶ መቁጠር ነበረበት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ካሜራው ደግሞ የሆነ ነገር ላይ መቀመጥ አለበት። መስታወቱን እዩት። በውስጡ የወንበር ጀርባ አለ፣ ወንበሩ ላይ ጥቁር ሳጥን፣ ሳጥኑን የያዘ አንድ እጅ። ከክንዱ በላይ ያለው ሰው መስታወቱ ጠርዝ ላይ ተቆርጧል። ፎቶው ከልጆቹ ወገብ በታች ሆኖ ወደ ላይ የሚያየው ለዚህ ነው። እግራቸው ረዝሞ የታየው ውበታቸውን ለማጉላት ታስቦ ይመስለኝ ነበር፤ የወንበር ከፍታ ነው።

እንግዲህ ልጆቹ እየጨፈሩ አይደለም። «አትንቀሳቀሱ» ተብለዋል። ስምንቱ ታዘዋል። ሦስተኛዋ፣ ትንሿ፣ ያቺ ካልሲዋ የተንሸራተተባት፣ እግሯን እዩት። ሁለት ነው። አንዱ ጥርት ያለ፣ አንዱ እንደ ጥላ፣ ግማሽ ስንዝር ያህል ተለያይተው። መቆም አልቻለችም። በዚህ ሁሉ የዳንስ ፎቶ ውስጥ ከፒያኖው እጆች ሌላ የተንቀሳቀሰው የእሷ እግር ብቻ ነው። ለእኔ የፎቶው ልብ አሁን እዚያ ነው። መምህሯ ያኔ ፎቶውን አይታ ተቆጥታ ይሆናል። ካርቶን ውስጥ የገባውም በዚያ ምክንያት ይሆናል፤ ተበላሸ ተብሎ። ይህ ግን ግምት ነው፣ ግምት መሆኑን እየነገርኳችሁ ነው።

የባሌት ልጆችን ፎቶ ስናይ ሌላ የሚያታልለን ነገር አለ፤ እሱም ጣፋጭነታቸው ነው። ነጭ ቀሚስ፣ ሪባን፣ የተዘረጋ እግር። በካላንደር ላይ አይተነዋል፣ በጥርስ ሐኪም ቤት ግድግዳ ላይ አይተነዋል። ያ ሥዕል በአብዛኛው የመጣው ከአንድ ሰው እጅ ነው፣ ከፈረንሳዊው ሠዓሊ ከኤድጋር ዴጋ። የእሱን ሥራ ለማየት ፓሪስ መሄድ አያስፈልጋችሁም። በሜትሮ ዋሽንግተን ወርዳችሁ ናሽናል ጋለሪ የሚባለው ሙዚየም ግቡ፣ በነጻ ነው። አንዲት አንድ ሜትር የምትሞላ የሰም ልጅ ታገኛላችሁ። እጆቿን ከጀርባዋ አጣምራ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ እግሯን በአቋቋም አስቀምጣ ቆማለች። የለበሰችው የእውነት ጨርቅ ነው፤ ፀጉሯ ላይ የታሰረው የእውነት ሪባን ነው።

ስሟን እናውቃለን። ማሪ ቫን ጎተም ትባላለች። ከቤልጂግ ወደ ፓሪስ የመጡ ድሆች ልጅ ናት፣ እናቷ ልብስ አጣቢ ነበረች። በ1878 የፓሪስ ኦፔራ የዳንስ ትምህርት ቤት ገባች። የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች «ትንንሽ አይጦች» ይባሉ ነበር። አብዛኞቹ የሚመጡት ለጥበብ ሳይሆን ለእንጀራ ነው። ከመድረኩ ጀርባ ባለው ክፍል ውስጥ የዓመት ትኬት የገዙ ሀብታም ወንዶች እንደልባቸው ይገባሉ፣ ልጆቹን ይመርጣሉ፤ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ዴጋ የሰሟን ልጅ በ1881 ሲያሳይ ተቺዎች ዝንጀሮ ትመስላለች ብለው ጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት ማሪ ከክፍል ቀረች ተብላ ተባረረች። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነች ታሪክ አልያዘላትም። ዛሬ የእሷ ምስል ያለበት ካርድና ማግኔት ሙዚየሙ ሱቅ ውስጥ ይሸጣል። ስሄድ ሁሌም መጀመሪያ የማየው እግሯን ሳይሆን አገጯን ነው። ደክሟታል ወይስ ኮርታለች? እንደ እኔ እንደ እኔ ኮርታለች። ግን ይህንንም የምለው ካለፈው ስህተቴ በኋላ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው።

ወደ ፎቶአችን እንመለስ። ማን እንዳለ ቆጥረናል። ማን የለም? ልጆቹ ሁሉ ነጭ ይመስላሉ። «ይመስላሉ» የምለው አውቄ ነው። በዚያ ዘመን በዚህ አገር ጥቁር ልጅ በአብዛኛው የባሌት ትምህርት ቤት በር አይከፈትለትም ነበር። ማሪዮን ኩይጄ የምትባል የፊላደልፊያ ሴት ነበረች፤ ጥቁር አሜሪካዊት ናት፣ ቆዳዋ ግን ቀላ ያለ ስለነበር ነጭ መስላ ከነጮች ጋር ትማር ነበር። ጠቆር ያሉ ጓደኞቿ ሊጠይቋት ሲመጡ ታወቀባት፣ ተባረረች። ኋላ በ1948 የራሷን ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ታላቋ ዳንሰኛ ጁዲት ጀሚሰን በስድስት ዓመቷ መማር የጀመረችው እሷ ዘንድ ነው። እንግዲህ ከእነዚህ ዘጠኝ ልጆች መካከል እንደ ማሪዮን ያለች ትኖር እንደሆነ ማን ያውቃል? ቀይ የማያይ ፊልም የሰውን የቆዳ ቀለም ሲያዛባ አይተናል። በዚህ ፎቶ የማንንም ዘር መመስከር አልደፍርም።

ከዚህ የጆርጂያ ጎዳናን ይዛችሁ ወደ ከተማ ስትወርዱ፣ እንጀራ ቤቶቻችንና ሱቆቻችን ባሉበት በዚያው መንገድ አቅራቢያ፣ አንድ የዳንስ ትምህርት ቤት አለ። ስንቶቻችን በአጠገቡ እናልፋለን! ዶሪስ ጆንስና ክሌር ሄይዉድ የሚባሉ ሁለት ጥቁር ሴቶች በ1941 ያቋቋሙት ነው። ዶሪስ ጆንስ በልጅነቷ ቦስተን ውስጥ ባሌት ልማር ብትል በቀለሟ ምክንያት የሚቀበላት አጣች። ታፕ ዳንስ ግን ትችል ነበር፤ እሱን እያስተማረች በምትኩ ባሌት ተማረች። ከዚያ ወደ ዋሽንግተን መጥታ፣ በሩ ለተዘጋባቸው ልጆች በር ከፈተች። በብሮድዌይ ስሟ የገነነው ቺታ ሪቬራ በልጅነቷ የተማረችው እዚያ ነው። ይህ የእኛ ፎቶ በታተመበት ወረቀት ዘመን ውስጥ ማለት ነው። አንዱን ፎቶ ከሌላው ጎን ሳታስቀምጡ ሁለቱንም ማንበብ አይቻልም። የዶሪስ ጆንስን ልጆች ፎቶ ፈልጋችሁ እዩ፤ ያው መደገፊያ እንጨት ነው፣ ያው የተዘረጋ እግር ነው።

ስለ ቀለም ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። የእህቴ ልጅ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ባሌት ትማራለች። ከአንድ ትምህርት ቤት የመጣው የዕቃ ዝርዝር ሮዝ ታይትና ሮዝ ጫማ ይላል። ሱቅ ውስጥ እግሯን ከታይቱ ጋር አስተያይታ «አጎቴ፣ ይሄ የማን እግር ነው?» አለችኝ። የዋህ ጥያቄ ነበር፤ ታሪኩ ግን ከባድ ነው። ሮዙ የተመረጠው የነጭ ሰው እግር ቀለም ነው ተብሎ ነው፤ እግርና ጫማ አንድ ወጥ መስመር እንዲመስሉ። ለጠቆረ እግር መስመሩን ይሰብረዋል። ጥቁር ዳንሰኞች ለብዙ አሥርት ዓመታት ጫማቸውን በፊት መቀቢያ ሲቀቡ ኖረዋል። አርተር ሚቸል በ1969 ሃርለም ውስጥ የዳንስ ቲያትሩን አቋቋመ፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በዓመቱ ነው። በ1974 ዳንሰኞቹ ታይታቸውንና ጫማቸውን በየራሳቸው ቆዳ ቀለም አስነክረው መድረክ ላይ ወጡ። የለንደኑ ፍሪድ ጫማ ሠሪ ቡናማ የጣት ጫፍ ጫማ ለገበያ ያወጣው በ2018 ነው። አርባ አራት ዓመት! ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይህን ሁሉ ደብቆ ግራጫ ያደርገዋል። በእኛ ፎቶ ላይ ያሉት ታይቶች ሮዝ ይሁኑ ነጭ አይለይም። ሕጉ ቀለም ነበረ፣ ፊልሙ ግን ቀለሙን አላስቀረውም።

ለእህቴ ልጅ ቡናማውን ገዛሁላት። መምህሯ ምንም አላሏትም፤ እኔ ግን ልጠራ እችላለሁ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ መልስ ሳዘጋጅ ሰነበትኩ።

ያቺ ልጅ፣ የመጨረሻዋ፣ አሁንም ወደ እኛ እያየች ናት። ለረጅም ጊዜ «ወደ እኔ ታያለች» እል ነበር። አሁን ግን የመስታወቱን ወንበርና እጅ ካየሁ በኋላ የምታየው ያንን እጅ መሆኑን አውቃለሁ። የክፍሉ ሰው ሁሉ መምህሯን ሲያይ እሷ ካሜራውን የያዘውን ሰው ታያለች። ከዘጠኙ መካከል ያንን ሰው የምታውቀው እሷ ሳትሆን አትቀርም። እጁ ላይ ቀለበት አለ። ሪባኑን ያሰረው ያ እጅ ይሁን አይሁን አላውቅም። እማማን ግን አግኝቼ ይህን ነገርኳቸው፤ ፎቶውን በእጃቸው ይዘው ብዙ ዝም አሉና «እንግዲያስ ብቻዋን አይደለችም» አሉኝ።

እንግዲህ ከየቤታችሁ ፎቶ ይዛችሁ እንድትመጡ ለምኜ ነበር፣ ብዙዎቻችሁ ፖስታ ይዛችሁ አያለሁ። ጠረጴዛው ላይ ለስላሳ እርሳስ አለ፤ እስክሪብቶ አትጠቀሙ፣ ቀለሙ በጊዜ ብዛት ወደ ፊት ዘልቆ ይወጣል። የምታውቁትን ስም በጀርባው ላይ ጻፉ፣ የማታውቁትን ክፍት ተዉት። የአባት ስም፣ ሰፈር፣ የልብሱ ቀለም ትዝ ካላችሁ ቀለሙንም ጻፉ። እዚያ ከፊት ያሉት እናት ትልቅ የሚመስል ፎቶ ይዘዋል። ከእርስዎ እንጀምር፣ እትዬ። መብራቱን ያብሩልን።